የመቻል ደብተር፦ ውሻዬን ቤት ውስጥ መመርመር ስለማመድ

መቻልን በየእሑዱ ጠዋት መመርመር ከጀመርኩ ይኸው ስድስተኛ ወሬን ያዝኩ። ሐኪም አይደለሁም። ከእሱ በፊት የነበረችኝ ቡቺ ሁለት ቀን ምግብ ስትተው «ይለቃታል» ብዬ አለፍኳት። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ጋ ስናደርሳት ጊዜው አልፎ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መቻል ሲመጣ፣ ቢያንስ ጤነኛ ሳለ ምን እንደሚመስል ልወቅ ብዬ አንድ ደብተር ገዛሁ።

የጀመርኩት በትንፋሽ ነው፤ መንካት አይጠይቅም። ተኝቶ ሳለ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ብዬ እቆጥራለሁ። 30 ሰከንድ ቆጥሬ በሁለት አበዛለሁ። ጤነኛ ውሻ ተኝቶ በደቂቃ ከ30 በታች ነው የሚተነፍሰው። የመቻል ከ16 እስከ 20 ነው። አንድ ቀን 34 ወጣና ደነገጥኩ። ለካ ሕልም እያየ ነው፤ እግሩን እያወራጨ ነበር። እንዲያ ሲሆን ጠብቆ እንደገና መቁጠር ነው።

ብዙ የተቸገርኩት ድዱ ላይ ነው። የጤነኛ ውሻ ድድ እርጥብና ሮዝ ነው። በጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ይነጣል፤ ከዚያ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ቀለሙ ይመለሳል። የመቻል ድድ ግን አብዛኛው ጥቁር ነው። ሦስት እሑድ ሙሉ ከንፈሩን እየገለጥኩ ምንም ሳላይ ተመለስኩ። በኋላ ከላይኛው ክራንቻው ጀርባ የአተር ፍሬ የምታክል ሮዝ ቦታ አገኘሁ። አሁን የማየው እሷን ብቻ ነው። እሷም ካልታየችኝ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ሳብ አድርጌ ውስጡን አያለሁ፤ እሱም ሮዝ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ጠባዩ ድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ ወይም መዋጥ ያቃተው ውሻ አፍ ውስጥ እጃችሁን አትክተቱ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በለሃጭ ነው። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡትና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የውሻውን ክትባት ደግሞ በጊዜው አስከትቡ።

ሙቀት ስለካ ወንድሜ ጭንቅላቱን ይዞ ዳቦ ያጎርሰዋል። ለእሱ ብቻ የገዛሁትን ዲጂታል ቴርሞሜትር ጫፉን ቫዝሊን ቀብቼ በፊንጢጣው ቀስ አድርጌ አስገባለሁ። በመጀመሪያው ቀን 38.7 ሲል አተኮሰው ብዬ ነበር። ለሰው ትኩሳት ነው፤ ለውሻ ግን ከ38.3 እስከ 39.2 ድረስ ጤና ነው። ጎረቤታችን ጋሼ «አፍንጫው ከረጠበ ምን ቸገረህ?» ይሉኛል። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። ግን የታመመ ውሻም አፍንጫው ይረጥባል፤ ጤነኛውም ተኝቶ ሲነሳ ይደርቃል።

መዥገር ፍለጋው ጊዜ ይወስዳል። ጆሮው ውስጥ፣ ብብቱ ሥር፣ በጣቶቹ መሀል፣ ጅራቱ ሥር። ሳገኝ በወረንጦ ቆዳው ጋ አስጠግቼ ይዤ ቀጥ አድርጌ እስበዋለሁ። ላምባ ማፍሰስ ወይም በክብሪት መለብለብ ልክ አይደለም።

ደብተሩ ያስፈለገኝ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። እሑድ ጠዋት መቻል እንደወትሮው በሩ ጋ አልጠበቀኝም። ትንፋሹ 28፣ ሙቀቱ 40.1። ከንፈሩን ገለጥኩ፤ ያቺ የአተር ፍሬ እንደ ወረቀት ነጥታለች። የዓይኑም ቆብ እንደዚያው። አቅፌው ሚዛን ላይ ወጣሁና የራሴን ቀነስኩ፤ 22 ኪሎ የነበረው 20.5 ሆኗል። እማዬ እንደ ልጅ ስለምታየው ፓራሲታሞል ልትሰጠው ውሃ ይዛ መጥታለች። እንደምንም ለምኜ አስተውኳትና ይዤው ሄድኩ።

ዶክተሩ ከጆሮው ጠብታ ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየ። መዥገር የሚያመጣው የደም በሽታ ነው አለኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲለኝ ደብተሩን ገለጥኩለት። ያለፈው እሑድ፦ ድድ ሮዝ፣ ሙቀት 38.6፣ ከግራ ጆሮው ሁለት መዥገር ተነቅሏል። ዶክተሩ መስመር በመስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ቡቺን ያመጣን ቀን ለዚሁ ጥያቄ «እንጃ» ነበር ያልኩት። የፓራሲታሞሉን ነገር ስነግረው ደግሞ እሱም ሆነ አይቡፕሮፌን ውሻን ሊመርዝ እንደሚችል ነገረኝ። እማዬ ይህን ስትሰማ ኪኒኖቹን ሁሉ ሰብስባ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው።

መድኃኒቱን ጨርሷል። ባለፈው እሑድ 21.5 ኪሎ መዘነ፤ ያቺ ቦታም ሮዝ ሆናለች።

አሁን የልብ ምት እየተማርኩ ነው። የኋላ እግሩ ታፋ ውስጠኛው በኩል፣ ወደ ብሽሽቱ ጠጋ ብሎ፣ በሁለት ጣት ለስለስ አድርጎ መያዝ ነው። አጥብቄ ስይዝ ይጠፋብኛል። ትናንት ማታ ግን ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ደቂቃ ሳይጠፋብኝ ቆጠርኩ። 84።