እጇን ሳርም ዓይኗን ረሳሁት

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የቀስት መለማመጃ አዳራሽ ረዳት አሠልጣኝ ነኝ። የምገባው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የልጆች ቀን ነው፤ አዳራሹ ጢም ይላል።

አንድ ቅዳሜ አንድ የአገሬ ሰው የ11 ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። ልጅቷ የፓሪስን ኦሊምፒክ በቴሌቪዥን አይታ ልቧ በደቡብ ኮሪያ ሴት ቀስተኞች ተሰርቋል። አይፈረድባትም። ቡድናቸው እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2024 በተካሄዱት አሥር ኦሊምፒኮች ወርቁን ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም። «እንደነሱ መሆን እፈልጋለሁ» አለችኝ። እኔም ከእሷ ባልተናነሰ ጓጓሁ።

«በየትኛው እጅሽ ነው የምትጽፊው?» አልኳት።

«በቀኝ።»

የቀኝ ደጋን አንስቼ ሰጠኋት። ወረፋው ረጅም ነበር። ከዚያ በፊት ማድረግ የነበረብኝን አንድ ነገር ዘለልኩት።

ልጅቷ ስታስተምሯት ደስ የምትል ናት። እግሯን በትከሻዋ ስፋት ከፍታ ትቆማለች። ደጋኑን አታንቀውም፤ መዳፏ ላይ ታሳርፈዋለች። አውታሩን በሦስት ጣቷ ይዛ በክንዷ ሳይሆን በጀርባዋ ትስባለች። ሌባ ጣቷ የከንፈሯን ጥግ ሲነካ ቀጥ ትላለች። ይቺ ቦታ ትልቅ ነገር ናት። አንዴ ከንፈር፣ አንዴ ጉንጭ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ቀስቱ በየጊዜው ሌላ ቦታ ይሄዳል። የእሷ ጣት ግን ሁሌም እዚያችው ናት።

ቀስቶቿ ግን ወደ ግራ ይሄዳሉ። ከ9 ሜትር ስድስት ቀስት ትለቃለች፤ ስድስቱም አንድ መዳፍ በሚሸፍነው ቦታ ተጠጋግተው ይሰካሉ። ከኢላማው ወረቀት መሃል ካለው ቢጫ ክብ ግን ሁለት ስንዝር ያህል ርቀው፣ ከወረቀቱ ውጭ።

እኔ ማረም ጀመርኩ። «መያዣውን እየጠመዘዝሽ ነው።» «ስትለቂ እጅሽ ወደ ውጭ ይሸሻል።» «ክርንሽን ከፍ አድርጊ።» ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። በአራተኛው፣ ከመሳቧ በፊት ኢላማውን ሳይሆን የእኔን ፊት ማየት ጀመረች። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ጣቶቿ ደጋኑ ላይ ነጭ እስኪሆኑ ጨበጡ። ያልነበረባትን ስህተት እኔው አስተማርኳት።

«እጄ መጥፎ ነው አይደል?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ይቺ ጥያቄ እስካሁን ትከነክነኛለች።

ኃላፊዬ ስልሳውን ያለፉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ፊሽካው ሦስት ጊዜ ተነፍቶ ቀስት ለመንቀል ስንሄድ ተከተሉን። ቀስቶቹን እንዳንነቅል በእጃቸው አስቆሙንና ትንሽ አዩዋቸው።

«ይሄን ያህል አጠጋግታ ለምትወጋ ልጅ እጇን ምን ብለህ ነው የምታርመው?» አሉኝ።

ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ሁለት እጅሽን ወደ ፊት ዘርጊ። መዳፎችሽን አነባብሪና መሃላቸው ትንሽ ቀዳዳ ተዪ። ሁለቱንም ዓይንሽን ገልጠሽ በቀዳዳው ያንን የግድግዳ ሰዓት እዪ። አሁን ግራ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«ጠፋ!» አለች።

«ቀኙን ብቻ ጨፍኚ።»

«አለ። ይታየኛል።»

እኔ ዘልዬው የነበረው ይሄ ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በቀኝ እጇ ትጽፋለች፤ የምታነጣጥረው ግን ግራ ዓይኗ ነው። ቀስቱ ከቀኝ ጉንጯ ሥር እየተነሳ ጫፉን ከኢላማው ጋር የሚያገጥመው ግራው ዓይን ከሆነ፣ ቀስቱ አግድም ወደ ግራ ይጠቁማል። እጇ የታዘዘውን በትክክል ሲሠራ ነው የከረመው። የተጠጋጉት ቀስቶች ይሄንኑ ሲነግሩኝ ነበር።

ግራ ዓይኗን እየጨፈነች መቀጠል ትችል ነበር። ዓመታት የለመደ ሰው ብዙ ጊዜ እንደዚያ ያደርጋል። ለአራት ሳምንት ጀማሪ ግን እጅ መቀየሩ ይሻላል ብለው ኃላፊዬ የግራ ደጋን ከጓዳ አወጡ።

አባትየው አላማረውም። «በግራ? እኛ ቤት በግራ የጎረሰ እጁን ይመታ ነበር እኮ» አለኝ። እኔም ያደግሁት እንደዚያው ነውና ገባኝ። ቀዳዳውን በራሱ እጅ አሠርቼ ሰዓቱን አሳየሁት። የእሱ ቀኝ ነው። ልጁ በየትኛው እንደምታይ ራሷ ስታሳየው ዝም አለ። ከዚያ «በይ እንግዲህ ሞክሪው» አላት።

ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ስህተቱ የእኔ ነው፤ መጀመሪያ ዓይንሽን ማየት ነበረብኝ» አልኳት።

«እጄ ደህና ነው ማለት ነው?»

«በጣም ደህና ነው።»

ወረቀቱን አንስተን ከ3 ሜትር ጀመርን። ኢላማ የለም፤ መሳብ፣ ማሳረፍ፣ መልቀቅ ብቻ። ግራ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አውታሩም ሁለት ጊዜ ክንዷን ገረፋት። በሁለተኛው ሳምንት ወደ 9 ሜትር ተመለሰች። ስድስቱ ቀስት ተበታተኑ። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ ሁለቱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ። አንዱ ቢጫው ላይ።

ፊሽካው እስኪነፋ መስመሩ ላይ ቆማ በጣቷ ስትቆጥራቸው አየኋት። ትከሻዋ ወርዷል።