ወደ ጀማ የወሰድኳት ጀልባ

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከአሜሪካዋ ሚኒሶታ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ሰሜን ሸዋዋ መርሐቤቴ ለእረፍት ስመጣ ከሻንጣዎቼ በአንደኛው ውስጥ በአየር የምትነፋ አነስተኛ የጎማ ጀልባ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ ሦስት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና ሁለት የሕይወት አድን ጃኬት ይዤ ነበር። ጀልባዋን ያስመጣኝ የአጎቴ ልጆች ልመና ነው። ሦስቱም በጀማ ወንዝ ዳር ክርና መንጠቆ ይዘው ያደጉ ስለሆኑ፣ ከሐይቅ ላይ የተነሣሁትን ፎቶግራፍ በላክሁላቸው ቁጥር «ወንድም ጋሼ፣ እኛንስ መቼ ነው በጀልባ የምትወስደን?» ይሉኝ ነበር። ከወረዳችን ዋና ከተማ ከዓለም ከተማ ተነሥተን ያንን ረጅም ቁልቁለት ወርደን ወንዙ ዳር ስንደርስ ግን ጀልባዋን ነፍቼ ሳልጨርስ ክርክር ተነሣ። እኛ አራት ነን፤ ጃኬቱ ሁለት ነው፤ በጀልባዋ ጎን ላይ የተጻፈው የሰው ቁጥርም ሁለት ነው።

«ግዴለም፣ እኛ ያለ ጃኬት እንገባለን፤ ዋና እንችል የለ እንዴ? ያደግነው እዚሁ ውኃ ውስጥ ነው» አለኝ ታላቅየው።

ይህንኑ ቃል ከዚያ በፊት ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው ስለነበር ልቤ ደንገጥ አለ። ጀልባዋን እንደተነፋች ከሾላው ጥላ ሥር አስቀምጠን አጠገቧ ተቀመጥንና በሰው አገር የደረሰብኝን፣ እስከዚያች ቀን ለቤተሰቤ ያልተናገርኩትን ነገር ነገርኳቸው።

ሚኒሶታ ከ10,000 በላይ ሐይቆች ያሉባት ግዛት ናት። በብርዱ ወራት ሐይቆቹ ሰውና መኪና እስከሚሸከሙ ድረስ በረዶ ሆነው ይከርማሉ፤ በፈረንጆች ሜይ አጋማሽ ገደማ፣ ዋልአይ የሚባለው ተወዳጅ ዓሣ የሚጠመድበት ወቅት ሲከፈት፣ ጀልባ ያለው ሁሉ ጀልባውን በመኪናው እየጎተተ ይወጣል። በስደት የመጀመሪያ ዓመታት ከሥራ ውጭ የማውቀው ነገር ስላልነበረ፣ የደብረ ሲና ሰው የሆኑ አንድ አባት ዓሣ ማጥመድን ሲያስተምሩኝ ትልቅ በረከት ነበር የሆነልኝ። ሐይቅ ዳር ጸጥ ብሎ መቀመጥ፣ የምድር ትል በመንጠቆ ሰክቶ መጠበቅ፣ ልጅነቴን ነበር የመለሰልኝ። እኒህ አባት ታዲያ ዘንጉን ከመስጠታቸው በፊት አንድ አሮጌ የሕይወት አድን ጃኬት ሰጥተውኝ «አንተ ዋና የማትችል የደጋ ልጅ ነህ፤ ይኸን ሳትለብስ ጀልባ ላይ እንዳትወጣ፤ አደራ» ብለውኝ ነበር። የጃኬቱን ልክ ያዩልኝም እርሳቸው ናቸው፤ ማሰሪያዎቹን በሙሉ ካጠበቁ በኋላ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ሳቡትና ከአገጬ ሲያልፍ አይተው «ይኸ ሰፍቶሃል፤ ውኃ ውስጥ እርሱ ይንሳፈፋል፣ አንተ ትቀራለህ» ብለው እንደገና አጠበቁልኝ።

አደጋው የደረሰብን በአንድ የግንቦት ቅዳሜ ነው። ጣና ዳር ካደገና ዋናን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ከሚመስለኝ ወዳጄ ጋር ርዝመቷ አራት ሜትር ያህል የሆነች የአሉሚኒየም ጀልባ ተከራይተን ወጣን። ፀሐዩ በሸሚዝ ያስኬድ ነበር፤ ሐይቁ ግን በረዶው ከቀለጠ ገና ወር አልሞላውም። እኔ ጃኬቴን ለብሻለሁ፤ እርሱ የራሱን መቀመጫው ላይ አንጥፎ ተቀምጦበታል። ለምን አትለብስም ብዬ ስጠይቀው የመለሰልኝ ልጆቹ ጀማ ዳር የነገሩኝን ነው። ረፋድ ላይ የእኔ ዘንግ በኃይል ጎበጠና ዓሣውን ወደ ጀልባዋ ሳቀርበው እርሱ መረቡን ይዞ ብድግ አለ፤ እኔም ዓሣውን ለማየት በዚያው ጎን ጎንበስ አልኩ። ከዚህ ሌላ ስሕተት አልሠራንም፤ የሁለት ሰው ክብደት በአንድ ጎን ሆነ፣ ከሁለታችን አንዱ ቆሞ ነበር፣ ጀልባዋም ተገለበጠች።

የቅዝቃዜውን ነገር ለልጆቹ ማስረዳት በጣም ነው ያቃተኝ። እንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ሳይወድ በግዱ አየር በኃይል ወደ ውስጥ ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት አፉ ከውኃው በታች ከሆነ የሚስበው ውኃ ነው። ለዚህ ነው ዋና መቻል የማያድነው። በሙያው የሠለጠኑ ሰዎች አንድ፣ ዐሥር፣ አንድ የሚሉት መለኪያ አላቸው፦ ትንፋሽን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር እንደልብ የሚታዘዙበት ወደ 10 ደቂቃ፣ ቅዝቃዜው ራስን እስኪያስት ወደ 1 ሰዓት። ዋና የማልችለው እኔ ጃኬቱ ፊቴን ወደ ሰማይ አድርጎ ስለያዘኝ የጀልባዋን ጠርዝ ለመያዝ ጊዜ አገኘሁ። ዋናተኛው ወዳጄ ግን ሁለት ጊዜ ጠልቆ ወጣ፤ በአንድ እጄ የሸሚዙን አንገት ይዤ ወደ ጀልባዋ አስጠጋሁት። ዳሩ ቅርብ ስለመሰለው ዋኝቶ ሊሄድ ፈለገ፤ እኔ ግን «ከጀልባዋ አትለይ» የሚለውን የእኒያን አባት ቃል አስታውሼ አልለቅም አልኩት። የተገለበጠች ጀልባ ብዙውን ጊዜ አትሰጥምም፤ ከሩቅ የምትታየውም እርሷ እንጂ የሰው ራስ አይደለም። ሌሎች ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ገመድ ሲወረውሩልን የወዳጄ ጣቶች ገመዱን ለመጨበጥ እምቢ አሉ። ሲያያቸው ያለቀሰው አይረሳኝም፤ ጣቶቹ ተከፍተው ቀርተዋል፣ ገመዱም በመዳፉ ላይ አልፎ ይሄዳል። በመጨረሻ በቀበቶው ጎትተው አወጡት።

የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በየዓመቱ በሚያወጣው ዘገባ መሠረት በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ከሚሞቱት ከአራቱ ሦስት ያህሉ የሚሞቱት በመስጠም ነው፤ ከሰጠሙት ውስጥ ደግሞ ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት ጃኬት አልለበሱም። በጀልባው ውስጥ ጃኬት መኖሩ ብቻ ምንም አይጠቅምም፤ የእኔም ወዳጅ ጃኬቱን ይዞ ነበር ወደ ሐይቁ የወጣው። በሚኒሶታ ሕግ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ጀልባው ሲንቀሳቀስ ጃኬት መልበስ ግዴታቸው ነው፤ ለዐዋቂ የሚበቃው ጃኬቱ በልኩ ጀልባው ውስጥ መገኘቱ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ስደተኛ ሆኖ ወላጅና ልጆች ከኋላው የሚጠብቁት ሰው ሕጉ ለልጅ ያዘዘውን ለራሱም ሊያዝዝ ይገባዋል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ሞተር ላለው ጀልባ ደግሞ ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ነጂው ከእጁ ወይም ከጃኬቱ ጋር የሚያስረው የሞተር ማጥፊያ ገመድ በአብዛኞቹ አነስተኛ ጀልባዎች ላይ ግዴታ ሆኗል፤ ነጂው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩ ወዲያው ስለሚጠፋ ጀልባዋ ጥላው አትሄድም ወይም ዞራ አትመታውም።

ታሪኩን ስጨርስ መካከለኛው ልጅ «የእኛ ውኃ እኮ አይቀዘቅዝም፣ ጀማ ቆላ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ጀማም የሚገድለው በሌላ መንገድ ነው።

ደብረ ብርሃንን አልፎ የሚሄደው በሬሳን ጨምሮ ብዙ የሰሜን ሸዋ ደጋ ወንዞች የሚፈስሱት ወደ ጀማ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,840 ሜትር ከፍ ያለች ስትሆን እኛ የተቀመጥንበት ዳር ከ1,500 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ተሰብስቦ ቆላው ላይ ሲደርስ ከእኛ ራስ በላይ ያለው ሰማይ እንደ መስተዋት የጠራ ሊሆን ይችላል። ደራሽ ጎርፍ የክረምት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን በአገራችን ደጋ በበልግም ይዘንባል፣ ዓሣ ፈላጊ በሚበዛበት በዐቢይ ጾም ወራት ልጆች ወደ ወንዝ የሚወርዱትም በዚያው ወቅት ነው። በልጅነቴ በአንድ የመጋቢት ቀን ፍየል ውኃ ላጠጣ ወርጄ ያየሁትን አልረሳውም። ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ገብቼ ጠጠሩን እቆጥር የነበረበት ውኃ መጀመሪያ አተላ መሰለ፤ ቀጥሎ ገለባ፣ ኩበትና አረፋ ይዞ መጣ፤ የእርጥብ አፈር ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው አጎቴ ከገደሉ ላይ «ውጣ! ፍየሎቹን ተዋቸው!» ብለው ጮኹ። ዳገቱ ላይ ዞሬ ሳይ ቆሜበት የነበረው ድንጋይ አልነበረም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ ሆኖም ደራሽ ምልክት ይሰጣል። ውኃው መልኩን ከለወጠ፣ ቅጠልና ጭራሮ ከበዛበት፣ ከላይ በኩል እንደ ከባድ መኪና ያለ ድምፅ ከተሰማ፣ ዘንግም ዓሣም ጀልባም ጥሎ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ዕቃ ልሰብስብ ያለ ሰው ይዘገያል። በወንዝ መካከል ባለ ደሴትና ጎርፍ በቆፈረው ገደል ሥር መቀመጥም አያስፈልግም።

በዚያ ዕለት አደራረጋችን እንዲህ ሆነ። አንድ ሰው ሁልጊዜ ዳር ቆሞ የላይኛውን ውኃ ይጠብቃል። ጀልባዋ ላይ ሁለት ብቻ፣ ሁለቱም ጃኬት ለብሰው፣ ውኃው በተኛበት ቦታ ብቻ ይቀዝፋሉ፤ ዓሣ ቢያዝም የሚነሣ የለም፣ ተቀምጦ ነው የሚሳበው። ዳር ለሚቆየው ሰው አንድ መሣሪያ ሠራን፤ ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውስጥ በሩቅ እንዲወረወር አንድ ብርጭቆ የሚያህል ውኃ ጨምረን፣ ክዳኑን አጥብቀን፣ ዐሥራ አምስት ሜትር ገመድ በመያዣው አሰርንበት። አብዛኛው ሰው ውኃ ላይ ለመንሳፈፍ የሚያስፈልገው ድጋፍ ከአምስት ኪሎ ብዙም ስለማይበልጥ ይህች ጀሪካን ፊቱን ከውኃ በላይ ታቆይለታለች። በሰጠመ ሰው ላይ ዘሎ መግባት ግን ሁለት ሐዘን ማብዛት ነው፤ የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል። መጀመሪያ ዱላ ወይም ነጠላ መዘርጋት፣ ካልደረሰ ጀሪካኑን መወርወር፣ ወርዋሪውም በደረቱ ተኝቶ መሳብ አለበት። ልጆቹን ተራ በተራ ሾላውን ዒላማ አድርጌ አስወረወርኳቸው፤ ትንሹ በአምስተኛው ሙከራ ከታላላቆቹ በልጦ መታው።

ጉዳት ያገኘን ከውኃው ሳይሆን ከመንጠቆው ነበር። ታላቅየው ዘንጉን ወደ ኋላ ሲያወናጭፍ መንጠቆው የመካከለኛውን ልጅ አውራ ጣት ወጋና ጉጡ፣ ማለትም ወደ ኋላ የዞረው ሹል ጥርሱ፣ ድረስ ገባ። ወደ ኋላ ቢሳብ ጉጡ ሥጋውን ይቀድዳል፤ ስለዚህ ጫፉን በመጣበት አቅጣጫ ወደ ፊት ገፍቼ ካወጣሁት በኋላ ጉጡን በፒንሳ ቆርጬ ቀሪውን በገባበት መለስኩት። በሳሙና አጥበን ወደ ጤና ጣቢያ ላክነውና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተወጋ። መንጠቆው ዓይን ላይ ወይም ዓይን አጠገብ ከተሰካ ግን ማንም ሊነካው አይገባም፤ ሳይጫኑ ሸፍኖ ሐኪም ቤት መውሰድ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ከመወርወር በፊት ዞሮ ማየት ደግሞ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

በብርብራ ፍሬ ዓሣ የማደንዘዝ ልማድ አሁንም እንዳለ ልጆቹ ነግረውኛል፤ ትልቁንም ጫጩቱንም አብሮ ስለሚፈጅ፣ ውኃውንም ከታች ሰውና ከብት ስለሚጠጡት እንዲተዉት ለምኛቸዋለሁ። ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ በኩል ለሚያጠምዱ ደግሞ ቀስ ብሎ በሚሄድ ውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆሞ መዋል ለቢልሃርዝያ ያጋልጣል።

ስመለስ ጀልባዋን ለአጎቴ ልጆች አልተውኩላቸውም፤ ክረምት ሲመጣ ማን ይከለክላቸዋል ብዬ ፈራሁ። ጃኬቶቹንና ዘንጎቹን ተውኩ፤ ሁለት ተጨማሪ ጃኬት በሰው ልኬላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ትንሹ ደውሎ ጀሪካኗ መሻገሪያው አጠገብ ሾላው ላይ ተሰቅላ እንዳለች፣ እረኞቹም መወርወር እንደተማሩ ነገረኝ። ገመዱን ፀሐይ ስለሚያደርቀው ከመስከረም በፊት እንዲለውጠው ነገርኩት፤ አዲሱን ከዓለም ከተማ ገበያ በቅዳሜ እገዛለሁ አለኝ።