በአጭር ሞገድ የሚነበቡ ቁጥሮች

በአጭር ሞገድ ጣቢያ ሲፈልግ ያመሸ ሰው፣ ስሜት በሌለው ድምፅ አምስት አምስት እየሆኑ የሚነበቡ ቁጥሮች ሊያጋጥሙት ይችላሉ፤ እነዚህም ለሰላዮች የሚላኩ የምስጢር መልእክቶች እንደሆኑ ይታመናል። በእኔ እምነት ከሁሉም ይበልጥ ሊጠና የሚገባው በስፓኒሽ «አቴንሲዮን!» (ትኩረት!) ብሎ ይጀምር የነበረው የኩባ ስርጭት ነው፤ ከአድማጮቹ አንዳንዶቹ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች መዝገብ ላይ ሰፍረዋልና።

በአሜሪካ የመከላከያ ስለላ ድርጅት የኩባ ጉዳይ ተንታኝ ሆና ለኩባ ትሰልል የነበረችው አና ቤሌን ሞንቴስ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 2001 እስክትያዝ ድረስ፣ ቁጥሮቹን በዋሽንግተን መኖሪያ ቤቷ በሶኒ ሬዲዮ እየሰማች ላፕቶፕ ላይ ትጽፍና ከኩባ በተሰጣት ዲስክ ትፈታቸው ነበር።

አጭር ሞገድ ከላይኛው ከባቢ አየር እየተንፀባረቀ ባሕር ይሻገራል፤ አድማጩም (ዋናው ጥቅሙ ይህ ይመስለኛል) ዱካ አይተውም። ቁጥሮቹ የሚፈቱበት ቁልፍ በዘፈቀደ የተዘጋጀ፣ የመልእክቱን ያህል ርዝመት ያለውና አንዴ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ደግሞ፣ መልእክቱን ዓለም ሁሉ ቢሰማው እንኳ በየትኛውም ስሌት ሊፈታው አይችልም።

ሞንቴስን ያጋለጠው ማስረጃም ከአየር የተጠለፈው ድምፅ ብቻውን አልነበረም። መርማሪዎች የላፕቶፗን ማኅደር በድብቅ ገልብጠው ሲመረምሩ፣ የመጀመሪያው 30107 የሆነ 150 ተከታታይ የቁጥር ምድቦችን አገኙ፤ እነዚህም እ.ኤ.አ. በ1999 በ7887 ኪሎ ኸርዝ ከተሰራጩት ጋር አንድ ሆነው ተገኙ።