38ቱ አስራ አምስቶች

ጅማ ላይ ጫት የሚቅሙና የማይቅሙ ነጋዴዎች ለራሳቸው ያላቸውን ግምት የምናጠናበት ሥራ ነበር፣ እኔ ሱፐርቫይዘር። ክረምት ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ ሌሎቹ ዳታ ኮሌክተሮች ከጅማ መርካቶ ጭቃ የነካው፣ ግማሹ ያልተሞላ መጠይቅ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ልጅ ግን ሁሌ ኮታውን ሞልቶ፣ ንጹህ፣ አንድ ሚሲንግ፣ ማለት ያልተመለሰ ጥያቄ፣ የለው። ጠዋት ስብሰባ ላይ አስነስቼ "ሥራ ማለት እንደዚህ ነው" ብዬ አስጨብጭቤለታለሁ። አሁንም የሚያቃጥለኝ እሷ ጭብጨባ ናት።

መጠይቁ ሰው ለራሱ ያለውን ግምት የሚለካው የሮዘንበርግ ነው፣ 10 ጥያቄ፣ አራት አራት ምርጫ፣ ከ0 እስከ 3 ነጥብ። 5ቱ "በራሴ ረክቻለሁ" ዓይነት ናቸው፣ 5ቱ ደግሞ "አንዳንዴ የማልረባ እንደሆንኩ ይሰማኛል" ዓይነት፣ እነሱን ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ሪቨርስ ታደርጋቸዋለህ፣ ነጥባቸው ይገለበጣል፣ 3ቱ 0፣ 2ቱ 1 ይሆናል። ልጁ ብልጥ ነው፣ አንዱን ፎርም ከላይ እስከ ታች እስማማለሁ፣ ሌላውን ከላይ እስከ ታች አልስማማም እያለ ቀያይሮታል፣ ወረቀቱን ስታገላብጠው የተለያየ ሰው ይመስላል። ሪቨርስ አድርገህ ስትደምረው ግን በየትኛውም አምድ ቁልቁል ብትወርድ የሚመጣው ከ30 15 ነው። 38 ሰው፣ 38ቱም 15፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ዜሮ፣ በሰውና በሰው መሃል ቅንጣት ልዩነት የለም! ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎኝ ሪስታርት ሁላ አድርጌዋለሁ።

ቡና ጋብዤ ጠየቅኩት።

"ቲቸር፣ ሰዎቹ እኮ አሉ፣ ብጠይቃቸውም ያው ነው የሚሉት።"

"እሺ ሁሉም 15 እንዴት ሆኑ?"

ትንሽ አሰበና "15 ጥሩ ነው መጥፎ?" አይለኝ መሰላችሁ!

ሄጄ እንዳላጣራ ደግሞ ስም አንጽፍም ስልክ አንቀበልም ብለን ነው የኤቲክስ ፈቃድ ያገኘነው፣ ለነጋዴው የገባነው የሚስጥር ቃል የጠበቀው ልጁን ሆነ። (በመጠይቅ ቁጥር ልክ እንክፈል ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱን እንዝለለው።)

38ቱን ሳወጣ ጉድ ፈላ። አብዛኞቹን "ይቅማል" ብሎ ነው የሞላቸው፣ የእውነቶቹ አማካይ ከ20 በላይ ስለነበር የሱ 15ቶች ቃሚዎቹን ጎትተው አውርደዋቸው ፒ ቫልዩው (ከ0.05 ካነሰ ነው ልዩነት ተገኘ የሚባለው) 0.03 ነበር፣ ሲወጡ 0.14 አለ። ያኔ አለቃችን፣ የስምምነት ቅጹን እንኳ አንብቦ የማያውቀው ሰውዬ፣ ባንዴ ኤቲክስ ትዝ አለው። "ዳታ መጣል እኮ ማጭበርበር ነው፣ ምን ነካህ?" አለኝ። ከ0.14 ወደ 0.03 ቢወርድ ኖሮ ይሄን ይለኝ ነበር ወይ? አልጠየቅኩትም፣ ደሞዜን ፈራሁ።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ይውጡ ተባለ፣ ምትካቸውን ግን አንተው ሰብስብ ተባልኩ። ጅማ ሄርማታ ገበያ ቀኑን ሙሉ ዞሬ ያገኘሁት 4 ሰው ነው። 4ኛዋ ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ናቸው፣ 7ኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ሚዛኑን ቁጭ አደረጉና ትክ ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ቅድም አልረባም ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? አሁን ደግሞ ገልብጠህ ዋጋ አለኝ ወይ ትለኛለህ?"

ከዛ ደንበኛ መጣባቸው፣ የቀሩት 4 ጥያቄዎች ባዶ ናቸው።