ግድግዳን ከብሎኬት መጀመር

ሥነ ሕንፃ መማር ስንጀምር ኮምፒውተር መጠቀም ስላልተፈቀደልን፣ ሐሳባችንን የምናሳየው በእርሳስ ስለን፣ ከዚያም ካርቶን በከተር ቆርጠንና በኮላ አጣብቀን ነበር። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ቁሱ ዝም ብሎ አይታዘዝም፤ ወፍራሙ ካርቶን አልታጠፍም ይላል፣ ስሱ ኮላ ሲነካው ይቆለመማል፣ ቀጭን እንጨትም እንደ ጭረቱ ካልቆረጡት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቅርጹን ስናስብ የምንሠራበትንም ነገር አብረን እናስብ ነበር። ወደ ዲጂታል ሞዴል ስንሸጋገር መጀመሪያ የተለየን ይህ አብሮ ማሰብ መሆኑ የታየኝ፣ ትምህርቴን ጨርሼ ቢሮ ከገባሁ በኋላ ነው።

ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው ፕሮግራም ስኬችአፕ ነበር። ለመማር ቀላል ነው፤ አራት ማዕዘን ስለው ወደ ላይ ሲጎትቱት ክፍል ይሆናል፣ በጎኑ ላይ ሌላ አራት ማዕዘን ስለው ወደ ውስጥ ሲገፉት መስኮት ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ የቀለም ባልዲ የምትመስለውን ምልክት አንሥቶ ግድግዳውን አንዴ ድንጋይ፣ አንዴ እንጨት፣ አንዴ ኮንክሪት ማልበስ ነው። ልብሱ ሲቀያየር የግድግዳው ውፍረትም ሆነ የመስኮቱ ስፋት ንቅንቅ አይልም። መሬት ላይ ግን የድንጋይ ግድግዳ ከብሎኬት ግድግዳ እጥፍ ሊወፍር ይችላል፤ ማዕዘኑ የሚታሰርበት የራሱ መንገድ አለው፤ ከመስኮቱ በላይ ያለው ክብደትም የሚሸከመው ሊንቴል ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ይህን ባለመጠየቁ አልወቅሰውም፣ ለፈጣን ንድፍ የተሠራ መሣሪያ ነውና። የሚያሳስበኝ የእኛ አእምሮ በዚያ ቅደም ተከተል መለመዱ፣ ማለትም ቅርጹን ጨርሶ ቁሱን እንደ ቀለም መጨረሻ ላይ መምረጡ ነው።

ሬቪት የተባለውን የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም ስጀምር ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። እዚያ አንድ ግድግዳ ከመሳል በፊት ዓይነቱን መምረጥ ግድ ነው፤ ዓይነቱም ከውጭ ወደ ውስጥ በድርብርብ ተዘርዝሮ፣ የቱ ተሸካሚ የቱ ማጠናቀቂያ እንደሆነና እያንዳንዱ ስንት እንደሚወፍር ይጠየቃል። ፕሮግራሙ ይዟቸው የሚመጣው ዓይነቶች ግን የሌላ አየር ንብረት ግድግዳዎች ናቸው፤ የእንጨት ቋሚ፣ የሙቀት መከላከያ ጥጥ፣ ጂፕሰም ቦርድ። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ሰው ያን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት በግራና በቀኝ ልስን አልብሶ የራሱን ዓይነት መፍጠር አለበት። ሥራው አሰልቺ ቢመስልም ከየትኛውም ኮርስ የበለጠ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ለእያንዳንዱ ድርብርብ ቁጥር ለመስጠት ሳይት ሄዶ መለካትና መጠየቅ ያስፈልጋልና። የልስኑ ውፍረት በወረቀት 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም፣ ግንቡ ቱንቢውን ካልጠበቀ ለሳኙ ለማቃናት ሲል ከዚያ በላይ ይደርባል፤ ያ ትርፍ ስሚንቶና አሸዋ ደግሞ ሞዴሉ በራሱ አስልቶ በሚያወጣው የመጠን ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

አንድ ቀን ሳይት ላይ ሞዴሉን ለፎርማናችን በስልኬ አሳየኋቸው። ጣታቸውን በሁለት መስኮቶች መካከል ባለው ግንብ ላይ አድርገው፣ “ኢንጂነር፣ ቆንጆ ነው። ይቺ መሀል ያለችው ግን ስንት ናት?” አሉኝ።

“አንድ ሜትር ከአሥር ናት፣ ጋሼ።”

“እንግዲህ ሁለት ሙሉ ብሎኬትና ሠላሳ ሴንቲ። ሠላሳዋን በምን ላስቆርጣት ነው? በመዶሻ ሲመቷት ግማሿ ይረግፋል፤ የቀረውን በማልታ ነው የምንሞላው።”

ብሎኬት ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ግማሹ 20 ስለሆነ በ20 የሚካፈል ልኬት ሁሉ በሙሉና በግማሽ ብሎኬት ይዘጋል፤ የማይካፈለው ስብርባሪና ማልታ፣ ማለትም የስሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ፣ ይበላል፣ የተጠገነው ቦታም ብዙ ጊዜ ልስኑ ቀድሞ የሚሰነጠቅበት ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ራይኖ በተባለው የሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ በሚሠራው ግራስሆፐር አንዲት ትንሽ ስሌት አዘጋጅቻለሁ፤ መስኮቱን ወደ ጎን ስገፋው ወደ ቅርቡ የ20 ሴንቲ ሜትር ብዜት ራሱን ያስጠጋል፣ የቀረው ግንብ ስንት ሙሉና ስንት ግማሽ ብሎኬት እንደሚፈጅም ይቆጥርልኛል። ግራስሆፐር በዓለም የሚታወቀው እንደ ሞገድ በሚጠማዘዙ ጣሪያዎችና በተወሳሰቡ የሕንፃ ገጾች ነው። እኔ ያዋልኩት ብሎኬት ለመቁጠር መሆኑን ያየ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከት ብሎ ስቆብኛል፤ አሁን ግን ስሌቷን ከእኔ ወስዶ እየተጠቀመባት ነው።

ሌላው የተማርኩበት ነገር ለምስል የሚሆን የቁስ ገጽታ ማዘጋጀት ነው። ብሌንደር በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ስለሆነ ቤት ውስጥ የምለማመደው በእሱ ነው። በመጀመሪያ የአምቦ ድንጋይ የለበሰ ግድግዳ ፎቶ አንሥቼ ልጠቀም ስሞክር፣ ከድንጋዮቹ መጋጠሚያ ሥር ያለው የረፋድ ጥላ ከፎቶው ጋር አብሮ መጣ። ፕሮግራሙ የራሱን ብርሃን ሲጨምርበት ግድግዳው ሁለት ፀሐይ የወጣችለት መሰለ። ለዚህ ሥራ የሚመቸው ደመናማ ቀን ነው፤ ክረምት ለፎቶ አይሆንም የሚለው ሰው ይህን ቢሞክር ሐሳቡን ይለውጣል። ከግድግዳው ፊት ለፊት ሳያዘነብሉ ቆሞ ማንሣት፣ ከዚያም የምስሉ ግራ ጠርዝ ከቀኙ እንዲገጥም ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ምስሉ በግድግዳው ላይ እየተደጋገመ ስለሚለጠፍ፣ ያለዚያ የመጋጠሚያው መስመር በየሁለት ሜትሩ ይታያል፣ ዓይንም ወዲያው ያገኘዋል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ቆርቆሮ ነበር። በእነዚህ ፕሮግራሞች አንድ ገጽታ የሚገለጸው በቀለሙ ብቻ ሳይሆን በሻካራነቱና ብረት በመሆን አለመሆኑ ጭምር ነው፤ ብረትነት 1 ወይም 0 ነው፣ መካከል ላይ የሚቆም የለም ማለት ይቻላል። አዲስ ቆርቆሮ 1 ሲሰጡት ሰማዩን መልሶ ያንጸባርቃል። የሰፈራችንን የቆዩ ጣሪያዎች ለመሥራት ቡናማ ቀለም ቀብቼ ብረትነቱን 1 ላይ ስተወው የወጣልኝ እንደ መዳብ የሚያብረቀርቅ የቤተ መንግሥት ጣሪያ ነበር። መፍትሔው ዝገት ብረት አለመሆኑን መቀበል ነው። ዝገት ብረቱ ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ተዋሕዶ የተፈጠረ ሌላ ነገር ስለሆነ፣ የዛገው ቦታ ሁሉ 0፣ ሻካራነቱም ከፍ ያለ መሆን አለበት። ታዲያ ዝገቱ የት ላይ ይሁን? ውሃ በሚቆይበት ነው፤ በሚስማሩ ዙሪያ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ በሚደረብበት፣ በታችኛው ጠርዝ። ይህን ለመወሰን ጣሪያዎችን ከፎቅ ላይ ሆኜ ማየት ነበረብኝ፤ ዛሬም መንገድ ላይ ስሄድ ዓይኔ ሚስማር ይፈልጋል።

ፀሐይንም ማስተካከል ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ከአምራቹ ሀገር ይዞት የመጣውን ቦታ ሳይለውጡ ከሠሩ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ትቆያለች። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመሆኗ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ምስሉ ውስጥ ስለሚደረደሩት የፈረንጅ አገር ዛፎችና ካፖርት ስለለበሱት መንገደኞች ባልናገር ይሻላል።

ቁስ ከቅርጽ ይቀድማል እያልኩ ስከራከር አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስቆመኛል። በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው የእንጨት ረድፍና በኖራ የነጣ የድንጋይ ረድፍ እየተፈራረቁ የተሠራ ነው፤ በጥንታዊው የአክሱም አሠራር ደግሞ ረድፎቹን የሚያስሩት አግዳሚ እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ይወጣና የዝንጀሮ ራስ ይባላል። እያንዳንዱ ረድፍና ጫፍ ሥራ አለው። ላሊበላ ውስጥ ያለው ቤተ አማኑኤል ግን ከአንድ ወጥ ቀይ ድንጋይ የተፈለፈለ ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ ገባ ወጣ የሚለውን ረድፍ በውጭ ገጹ ላይ ይዟል። እንጨት የለም፣ የሚታሰር ረድፍም የለም፤ ቅርጹ ብቻ ቀርቷል። ከአክሱም ሐውልቶችም አንዳንዶቹ እንዲሁ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮም ተመልሶ በ2008 የተተከለው 24 ሜትር ያህሉ ሐውልት፣ መስኮቱም የዝንጀሮ ራሱም በወጥ ድንጋይ የተቀረጸ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ነው። በእኔ ሚዛን ይህ የቀለም ባልዲው ሥራ መሆን ነበረበት፤ ሐሰት ነው ለማለት ግን አልደፍርም። ልዩነቱ ምናልባት ጠራቢዎቹ የሚመስሉትን ግድግዳ አሠራር ጠንቅቀው ማወቃቸው ይሆናል፤ ምናልባትም ደንቤ ራሱ ጠባብ ነው። ለጊዜው ሁለቱንም ይዤ እየሠራሁ ነው።

አሁን የያዝኩት የጭቃ ቤት ነው። ፕሮግራሙ የግድግዳ ውፍረት አንድ ቁጥር ይጠይቀኛል፤ በየጊዜው የተመረገ የጭቃ ግድግዳ ግን ከታች ወፈር፣ ከላይ ሳሳ ይላል፣ በቋሚዎቹ መካከልም ይሰረጉዳል። ስለዚህ የግድግዳ መሣሪያውን ትቼ እንደ አናጢው ልጀምር ወሰንኩ፤ የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹን መትከል፣ ማገሩን ማሰር፣ ጣሪያውን መክደን፣ ከዚያ በጭድ የቦካውን ጭቃ በላዩ መምረግ። ማገሩ አልቋል፤ ቋሚዎቹም ትክክለኛ ባሕር ዛፍ እንዲመስሉ ትንሽ ትንሽ አጣምሜያቸዋለሁ። ጣሪያው ላይ ከዛገው ቆርቆሮ ጋር እየታገልኩ ነው፤ ምርጉ የሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ነው።