ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ቆስጣ አይላክም

ግቢያችን ያበቀልነውን አትክልት ለሰፈር ሰው እንሸጣለን ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ውሃና ስለ ፍግ ነው። እሱማ ችግር የለውም። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ግቢያችን ሰፋ ያለ ነው፣ እናቴ ደግሞ የነካችው ይበቅላል። ቆስጣ፣ ባሚያ፣ ቃሪያ፣ ናና፣ ለቡና የሚሆን ጤና አዳም፣ ሁሉም በየተራው ይደርሳል። የሚያናድደን ሰላጣ ብቻ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲነካ አንገቱን መዝዞ ያብባል፣ ቅጠሉም ይመርራል። ፀጉር የሚያስነጨው ሥራ የሚጀምረው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ማሸጉና ማድረሱ።

ከዚራ ሰፈር አንዲት ደንበኛ አለችን። ቤቷ ሆና ለመሥሪያ ቤቶች ምሳ ታዘጋጃለች። ለረቡዕና ለዓርብ በያይነቱ የሚሆናትን ቆስጣ ዋዜማውን እንልክላታለን። መጀመሪያ ላይ በእስር በእስር አድርገን፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገንበት ነበር የምንልከው። አንድ ቀን ደወለች።

«አቦ፣ ይሄ ቀፊራ ገበያ አይደለም እኮ! በፌስታል ጥርቅም አድርጋችሁ አሽጉልኝ። ልጆቹ አቧራ አለው እያሉ ያጉረመርማሉ።»

እናቴ ፌስታል ያፍነዋል አለች። እኔም ነገርኳት። አልሰማችም። የሚከፍለው ሰው እንዲህ ይሁን ካለ ምን ታደርጊያለሽ? በፌስታል ሆነ።

የዚያን ማክሰኞ ቆስጣው በጠዋት ተቆርጦ ተጭኗል። ባጃጁ ግን በመንገዱ ሌላ ሰው እየጫነ፣ እያወረደ፣ ደግሞ ዞሮ እየጫነ፣ ከዚራ የደረሰው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ድሬን የሚያውቅ ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን ይገምታል። በዚያ ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ግማሹ ሰው ይተኛል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው፣ በር ብታንኳኪ የሚከፍትልሽ ዘበኛ ብቻ ነው። እሷም ምሳውን አስረክባ ተኝታለች። ዘበኛው ፌስታሎቹን ተቀብሎ በረንዳው ላይ ደረደራቸው፣ ባጃጁም ሄደ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። «የትናንት ቆስጣ ነው የላካችሁልኝ! ይሄን ለማን ነው የማበላው?»

እናቴ ነጠላዋን አነሳች። «ተነሽ እንሂድ» አለችኝ።

ስንደርስ ፌስታሎቹ እንደ ፊኛ ተነፍተዋል። ከውስጥ በኩል ሙሉ ለሙሉ ጠብታ ይዘዋል። አንዱን ስፈታው እንፋሎት ፊቴን መታኝ፣ ሽታውም ልክ ድስት ላይ ያለ ቆስጣ ሽታ ነው። ቅጠሉ ጠቁሯል፣ ጣት ላይ ይለጠፋል። እናቴ ምንም አልተናገረችም። አንዱን ቅጠል መዘዘችና አገዳውን ሰበረችው። ቀጭ አለ፣ ውሃ አወጣ። የተቆረጠበትን ጫፍ ወደ ሴትዮዋ አዞረች፣ ገና አልጠቆረም።

«ልጄ፣ የትናንት ቢሆን እንዲህ ይሰበራል?»

«ታዲያ ማን ቀቀለው?» አለች ሴትዮዋ።

ዘበኛው ጣልቃ ገባ። «ወላሂ ጥላ ላይ ነው ያስቀመጥኩት!»

እውነቱን ነው። በረንዳው ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ጣሪያው ጥላ ይጥላል። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል በቀጥታ ወደ ውስጥ ትገባለች። ፌስታል ውስጥ የታሸገ ቅጠል ደግሞ ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል፤ ሙቀትም እርጥበትም ያወጣል። መውጫ ከሌለው የራሱ ላብ ያበስለዋል። የከዚራ ፀሐይ ሲጨመርበት አስቡት።

ሴትዮዋ ግማሹን ሂሳብ በቴሌብር ላከች፣ ግማሹ እኛ ላይ ቀረ። እኔ ሙሉውን መክፈል ነበረባት ባይ ነኝ፤ በፌስታል ይሁን ያለችው እሷ ናት። እናቴ ደግሞ ደንበኛ ከገንዘብ ይበልጣል ትላለች። እስካሁን አልተስማማንም።

ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን ገለበጥነው። ቅጠል የሚቆረጠው ጎህ ሳይቀድ ነው፣ ቅጠሉ ራሱ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ባለበት ሰዓት። ሌሊት ውጭ ባደረ የጀሪካን ውሃ ሳፋ ውስጥ ይነከራል፣ ሰፌድ ላይ ይጠነፈፋል፣ ከዚያ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ሳይጨናነቅ ይደረደራል። ከላይ የረጠበ ጆንያ። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ከጆንያው ላይ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይተናል፣ ሲተን ደግሞ ከሥሩ ያለውን ያቀዘቅዛል። በረዶ ከቅጠሉ ጋር የምታደርጉ ሰዎች ተዉት፣ የነካውን ቦታ ያቃጥለዋል። ባሚያ ግን ውሃ ጠላቱ ነው፤ ካጠቡት ይዝለገለጋል፣ ይጠቁራል፣ ስለዚህ እሱን ደረቁን በወረቀት ነው የምንጠቀልለው። የበሰለ ቲማቲምና ፓፓያም ከቅጠል ጋር አንድ ሳጥን አይገቡም፤ የሚያወጡት ጋዝ ቅጠሉን ቢጫ ያደርገዋል።

ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ማድረስ ነው። ባጃጅ ኮንትራት ይዘን የአንድ ሰፈር ደንበኞችን በአንድ ዙር እንጨርሳለን፤ አንድ ቀን ከዚራ፣ ሌላ ቀን ነምበር ዋን። ኮንትራቱ ውድ ነው፣ ግን ለአምስት ለስድስት ቤት ሲከፋፈል ያን ያህል አይደለም። ለዘበኛ አስረክቦ መሄድ ቀረ። ሳጥኑ በር ላይ ይከፈታል፣ የሚያበስለው ሰው ራሱ አይቶ ይቀበላል፣ ከዚያ ባጃጁ ይንቀሳቀሳል። ያልነቃ ደንበኛ ካለ ደውለን እንቀሰቅሰዋለን። ይሰድበናል፣ ከዚያ ይከፍለናል።

በር ላይ መክፈቱ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። አንዷ ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አይታ «ይሄ መድኃኒት ነው፣ ተረጭቷል» ብላ አልቀበልም አለች። የድሬ ውሃ ነው እንጂ ምን መድኃኒት! ውሃችን ኖራ የሚበዛበት ነው፣ ቅጠሉ ላይ ሲደርቅ ነጭ ምልክት ይተዋል። የራሷን የሻይ ማንቆርቆሪያ አስከፍተን ውስጡን አሳየናት። ሳቀችና ወሰደች። አሁን ከመደርደራችን በፊት በንጹሕ ጨርቅ ጠረግ እናደርጋለን፣ ሥራ ጨመረብን ማለት ነው።

የሚገርመኝ የሐረሩ ነገር ነው። አንዲት ዘመዳችን ባሚያና ናና በጠዋት ሚኒባስ እንልክላታለን። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ግን የደንገጎን ዳገት ከወጣ በኋላ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 በላይ። ናናው እዚያ ሲደርስ ከዚህ እንደተቆረጠ ነው። ከሳቢያን ከዚራ በቀትር የሄደው ቆስጣ ግን በሰላም አልገባም።

የከዚራዋ ደንበኛ ዛሬም ደንበኛችን ናት። አቧራ የሚለውን ነገር ትታለች፣ ፌስታልም አታነሳም። አሁን ያቃተን ሳጥኑን ማስመለስ ነው። አንዱ ቤት ሽንኩርት ያስቀምጥበታል፣ ሌላው ቤት ድመት ተኝታበታለች፣ ስንጠይቅ «አቦ ነገ ውሰጂው» ይሉኛል። እናቴ የሳጥን ማስያዣ እናስከፍል የሚለውን ሐሳብ አልወደደችውም፣ ሰው ይቀየማል ትላለች። እኔ ግን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ላስከፍል ነው።