የፎረስታል እሳት አጥፊዎች

ዛሬ ከሥራ ዕረፍት ስለነበርኩ ዋሽንግተን ወዳለው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ሄድኩ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ከ58 ሺህ በላይ ስም አለ። እኔ የፈለግኩት ጄራልድ ፋሪየርን ነው።

ፋሪየር ፎረስታል በምትባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ የእሳት አጥፊ ቡድን አለቃ ነበር። ጁላይ 29፣ 1967 መርከቧ ቬትናም አጠገብ ቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ላይ ሳለች አንድ ሮኬት ከራሷ አውሮፕላን ሳይታሰብ ተተኩሶ ለበረራ የተሰለፈ አውሮፕላን መታ። ነዳጁ ፈሶ ተቀጣጠለ። እሳቱ መሃል ቦምብ ወደቀ። ሰውዬው መከላከያ ልብስ እንኳ አልለበሰም። የዱቄት ማጥፊያውን አንስቶ ቀጥታ ወደ ቦምቡ ሮጠ! አብራሪዎቹ ገና ከአውሮፕላኖቻቸው አልወረዱም ነበር፤ ለእነሱ ፋታ ለማግኘት ነው። ቦምቡ ግን አሮጌ ነበር፣ ሙቀት አይችልም። እሳቱ ከተነሳ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ላይ ፈነዳ። ፋሪየርና አብዛኞቹ የቡድኑ አባላት እዚያው ሞቱ። በዚያ አደጋ በድምሩ 134 ሰው አለቀ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የሠለጠኑት ስላለቁ ሌሎቹ መርከበኞች ቱቦውን አነሱ። ጀግኖች ናቸው፣ ግን ማን አስተማራቸው? አንዱ የነዳጁን እሳት የሚያፍነውን አረፋ ሲረጭ ሌላው በውሃ ያጥበዋል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከዚህ ተምሮ እሳት ማጥፋትን የመርከበኛው ሁሉ ሥልጠና አደረገው። ቨርጂኒያ ግዛት ኖርፎክ ከተማ ያለው የባሕር ኃይሉ የእሳት ማጥፊያ ማሠልጠኛም በፋሪየር ስም ተሰየመ።

ግድግዳው ላይ ማዕረግ አይጻፍም። ስሞቹ የተደረደሩት በሞቱበት ቀን ስለሆነ የዚያን ቀን ሟቾች አብረው ናቸው። አንድ በአንድ አነበብኳቸው።

ባሕር ኃይል ውስጥ ያላችሁ የአገሬ ልጆች፣ ኖርፎክ የሠለጠነ ካለ እስቲ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ስለ እነዚህ ሰዎች ምን እንደነገሯችሁ መስማት እፈልጋለሁ።